የሄልሜት ሽታና የሀበሻ ይሉኝታ

ዛሬ የማጫውትዎ ነገር ከምግብ በፊት የሚነበብ አይደለም። ስለ ሽታ ነው፤ ያውም ስለ ሞተር ብስክሌት ሄልሜት ሽታ። መጻሕፍቱ «የራስ ቁር» ይሉታል። እኔ ግን ሎንዶን ውስጥ ምግብ በሞተር ሳመላልስ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አንድም ሀበሻ «የራስ ቁሬን አቀብለኝ» ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ሁላችንም እንደምንለው ሄልሜት እያልሁ እቀጥላለሁ። እርስዎ ሞተር የማይነዱ ቢሆኑም ገጹን አይለፉት። ወንድምዎ፣ የእህትዎ ልጅ ወይም ከላይ ፎቅ የሚኖረው ጐረምሳ ሳይነዳ አይቀርም፤ ያ ጉደኛ ዕቃ ደግሞ ማታ ማታ የሚያርፈው እርስዎ ጫማዎን ከሚያወልቁበት ኮሪደር ላይ ነው።

እኛ ሰዎች ስለ ሽታ ለመናገር እጅግ እንቸገራለን። ለእንግዳ ዕጣን እናጤሳለን፣ ለቡና ቄጠማ እንጐዘጉዛለን፣ አፍንጫችንም ከማንም አያንስም። ፊት ለፊታችን ለተቀመጠ ሰው «ይኸ ነገርህ ይሸታልና እጠበው» ለማለት ግን አንደበታችን ይተሳሰራል። መስኮት እንከፍታለን። «ዛሬ ደግሞ እንዴት ያለ ሙቀት ነው!» እንላለን፣ በኅዳር፣ በሎንዶን! ሰውየው ይህን ሁሉ ገብቶት ያፍራል ወይም ሳይገባው ይቀራል፤ በሁለቱም በኩል ሄልሜቱ እንደሸተተ ይኖራል። በበኩሌ ይህ ይሉኝታ ከሽታው የበለጠ ጉዳት ሲያደርስ ስላየሁ ነው ብዕር ያነሣሁት።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከራሳችንና ከግንባራችን የሚወርደው ላብ አብዛኛው ውኃና ጨው ነው፤ ለብቻው ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። የሚሸተው በቆዳችን ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ላቡን፣ የቆዳውን ወዝና የረገፈውን ቆዳ ሲመገቡ የሚተዉት ትርፍ ነው። እነሱ የሚወዱት ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት ነው፤ ሄልሜት ሦስቱንም አሟልቶ ያቀርብላቸዋል። በዚያ ላይ የእኛን የፀጉር ቅባት ይጨምሩበት። የኮኮናት ዘይቱ፣ ቫዝሊኑ፣ አንዳንዴም ከአገር ቤት በሰው እጅ የተላከው ለጋ ቅቤ ሁሉም ወደ ጨርቁ ይገባል፤ ገብቶም አቧራውን፣ የመኪናውን ጢስና የምግብ ቤቱን የዘይት ሽታ አጣብቆ ይይዛል። እንግዲህ በቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ በእንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ የሚቀመጠው የሰው ራስ ነው። ፎረፎርና የግንባር ሽፍታም ከዚሁ ጋር አብሮ መምጣቱ አይደንቅም።

ታዲያ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ መድኃኒት ሽቶ መርጨት ነው። ሰንደል ለኩሶ ሄልሜቱን ጢሱ ላይ የደፋ ሰውም አውቃለሁ። እዚህ ላይ እናቶቻችንን ማስታወስ ይገባል። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በወይራ የሚታጠነው መቼ ነው? በግራዋ ተፈትጎ ታጥቦ ከጠራ በኋላ ነው። የከረመ አተላ ያለበትን ጋን ወይራ ያጤሰችበት ባልቴት ብትኖር ሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ ባደረጋት ነበር። ሽቶውና ላቡ ሲቀላቀሉ ደግሞ ሦስተኛ ሽታ ይወልዳሉ፤ እሱን የሸተተ ሰው የመጀመሪያውን ይናፍቃል። ሄልሜቱን በፌስታል ጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደርም የሚመክሩ አሉ። ብርድ ባክቴሪያዎቹን ያደነዝዛቸዋል እንጂ አይጨርሳቸውም፤ በማግሥቱ ራስዎ ሲያሞቃቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሥጋው መሐል ማስቀመጡም ደስ አይልም።

ከመታጠቡ በፊት ዕቃው ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አጸዳለሁ ሲሉ ያበላሹታል። ውጭው ጠንካራ ቅርፊት ነው፤ በርካሾቹ ላይ ፕላስቲክ፣ በውዶቹ ላይ ፋይበር ግላስና የመሳሰለው ነው። ከሥሩ ቴሌቪዥን ሲገዙ በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን የሚመስል፣ እሱን ግን በጥንካሬ የሚበልጥ ፎም አለ። ሰው ሲወድቅ ተጨፍልቆ የምቱን ኃይል የሚውጠው ይህ ፎም ነው። ከሱ በታች፣ ራሳችንን የሚነካው ጨርቅና የጉንጭ ስፖንጅ አለ። የሚሸተው ሦስተኛው ነው፤ ነፍስ የሚያድነው ግን ሁለተኛው ነው። ቤንዚን፣ ቲነርና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፎሙን እንደ ስኳር ያሟሙታል፤ የፕላስቲኩንም ቅርፊት በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ያደክሙታል። ስለዚህ «ቅባቱን ቤንዚን ነው የሚያስለቅቀው» የሚል የጋራዥ ሊቅ ቢገጥምዎ አመስግነው ይለፉት።

አሁን ወደ አጠባው። አብዛኞቹ የዛሬ ሄልሜቶች የውስጥ ጨርቃቸው ይወልቃል። በጠርዙ ዙሪያ ጣትዎን ሰድደው ጠቅ የሚሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ቀስ ብለው ያስለቅቁ፤ በአንድ ጊዜ ቢጐትቱት ቁልፉ ከፎሙ ተነቅሎ ይመጣል። ከማውለቅዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ አንሡት፤ የግራና የቀኝ ጉንጭ ስፖንጅ ሲደርቁ መንትያ ናቸው። በገንዳ ለብ ያለ ውኃ ያዘጋጁ። ልኩን ለማወቅ ሕፃን ሊያጥቡ እንደሆነ ክርንዎን ይንከሩበት፤ ክርንዎን ካቃጠለው ሙጫውንም ይለቅቀዋል። ትንሽ የሕፃናት ሻምፖ ይጨምሩና ጨርቁን ለግማሽ ሰዓት ያህል ይዘፍዝፉት። ከዚያ በመዳፍዎ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ይጨምቁ፤ እንደ ነጠላ አይጠምዝዙት፣ ስፖንጁ ይቀደዳል። የመጀመሪያው ውኃ ቅራሪ ይመስላል፤ አይደንግጡ። ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይለዋውጡ። ኦሞ አልመክርም፤ ሙልጭ ብሎ ካልታጠበ ግንባር ላይ ቀርቶ በላብ ሲረጥብ ያሳክካል።

ሽታው ሥር ከሰደደ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በአራት እጅ ውኃ በጥብጠው ለሩብ ሰዓት ያቆዩትና እንደገና ይለቅልቁት። የአቼቶው ሽታ ከደረቀ በኋላ ይጠፋል። በረኪና ግን ዘወር ይበል። ጨርቁን ከመብላቱም በላይ፣ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን መርዛም ጋዝ ያወጣል። መስኮት በሌለው የጋራ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ሄልሜት የሚያስፈልገው አይሆንም።

ጨርቁ ተዘፍዝፎ ሳለ የቅርፊቱን ውስጥ በሻምፖ ውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ፎሙን በጥፍር አይጫኑት። የአገጭ ማሰሪያውን እባክዎ አይርሱ። ጢም፣ ላብና በጥድፊያ የተበላ ሳንድዊች ሁሉ የሚያልፉት በሱ ላይ ነው፤ ሁሉን አጥበው ማሰሪያውን የሚረሱ ሰዎች ሽታው ከየት እንደቀረ ሲፈልጉ ይኖራሉ። የፊት መስታወቱ ላይ የደረቀ ትንኝ ካለ በውኃ የተነከረ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ያልብሱት፤ ራሱ ይለቅቃል። በደረቅ ጨርቅ ከፈተጉት ይጫራል፤ የተጫረ መስታወት ደግሞ ማታ በመኪና መብራት ፊት ዓይን ያሳውራል። አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃም እንዲሁ የተከለከለ ነው። ሳልረሳው፣ በውስጥ በኩል ጉም የሚከላከል ስስ ሽፋን ካለው እሱን በውኃ አለቅልቀው ሳይነኩት ያድርቁት፤ በቀላሉ ይጫራል።

የማድረቁ ነገር በዚህ አገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ጨርቁን በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ይምጠጡና ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ያስጡት። የክፍሉ ማሞቂያ ላይ አይስቀሉት፤ ትኩስ የፀጉር ማድረቂያም ቢሆን ስፖንጁንና ሙጫውን ያበላሻል። ቬንትሌተር ካለዎት ግን ከሁሉ ይበልጣል። በክረምት አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ ስለዚህ ዕረፍት ከሚወጡበት ቀን በፊት ባለው ማታ ይጀምሩ። ጨርቁ የማይወልቅ ሄልሜት ያላቸው ደግሞ በስፖንጅ አረፋውን ብቻ እየቀቡ፣ በትንሽ ውኃ እያነሡ፣ በስተመጨረሻ ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት ያሳድሩት፤ ጋዜጣውንም ሲረጥብ ይለውጡ። በሁለት አጠባ መካከል ማታ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ጠዋት በቫኪዩም መሳብ ሽታን ይቀንሳል። ከሁሉ የሚቀልለው ግን ከሄልሜቱ ሥር ስስ የጥጥ ቆብ ማድረግ ነው። ሦስት ይግዙ፤ አንዱ ከራስዎ ላይ፣ አንዱ ከገመድ ላይ፣ አንዱ ከኪስዎ። ቆቡ በየቀኑ ከታጠበ ሄልሜቱን በየሦስትና አራት ሳምንቱ ማጠብ ይበቃል።

ለእኅቶቻችን አንድ ነገር ላክል። ሹሩባ ተሠርተው ሄልሜት የሚገዙ ከሆነ፣ ሲፈቱት ዕቃው ራስዎ ላይ ይዋኛል፤ ፈትተው የገዙት ደግሞ ከሹሩባ ጋር አይገባም። ብዙውን ጊዜ በሚሠሩት ፀጉር ሆነው ይለኩት። ማሰሪያውን አስረው ራስዎን ግራና ቀኝ ሲያዞሩ የግንባርዎ ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው።

እንግዲህ ይሉኝታው ያደረሰው ጉዳት ያልሁትን ልናገር። እኔ በምኖርበት ሕንፃ አንድ የኛ ልጅ ነበረ፤ ስሙን ተዉት። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተካፍሎ ይኖራል፤ ከማታው አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ምግብ ያመላልሳል። ሄልሜቱን በአሥር ፓውንድ ከአንድ ሰው ገዝቶታል። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ምንም ሳይሉት ሄልሜቱን ከበር ውጭ እያወጡ ማስቀመጥ ጀመሩ። አንድ ምግብ ቤት ደግሞ ትእዛዙን ዝናብ ላይ ሆኖ እንዲጠብቅ ነገረው፤ ሌሎቹ ነጂዎች ከውስጥ ቆመዋል። ልጁ ምክንያቱን ሳይነግሩት ገባው። ከዚያ ወዲህ ምን አደረገ መሰልዎ? ማሰሪያውን ሳያስር፣ ሄልሜቱን ከግንባሩ በላይ ገፋ አድርጎ መንዳት ያዘ። አየር እንዲገባው ነው! አንድ ማታ ኪልበርን መብራት ላይ አጠገቤ ሲቆም ማሰሪያው እንደ በግ ጆሮ ተንጠልጥሎ አየሁት።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። በሩን አንኳኩቼ «ሄልሜትህን ይዘህ ና፣ የኔን ላጥብ ነው፤ አብረን እናጥባለን» አልሁት።

ፊቱ ቀላ። «ጋሼ፣ ይሸታል አይደል?» አለኝ።

«ይሸታል» አልሁት። «የኔም ይሸት ነበር። ና።»

አንባቢዬ፣ ይህቺን አንዲት ቃል ከአፌ ለማውጣት ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ። ልጁ ግን አልተቀየመም። እንዲያውም የተገላገለ መሰለ፤ ለስንት ሳምንት ሁሉም እያወቀው ማንም ያልነገረውን ነገር አንድ ሰው በመናገሩ።

ሁለቱን ሄልሜቶች ወጥ ቤት አመጣን፣ ጨርቆቹን አወለቅን። የሱ ጨርቅ ከወጣ በኋላ ፎሙን ስጠርግ ከኋላ በቀኝ በኩል ጨርቁ ያዝ አደረገኝ። በመብራት ብናየው ፎሙ ከአንድ መዳፍ በላይ በሆነ ርዝመት ተሰንጥቋል፤ አጠገቡም ተጨፍልቆ ጐድጕዷል። ከውጭ በኩል በዚያው ቦታ ላይ አንድ ትልቅ የእግር ኳስ ክለብ ምልክት ተለጥፎበታል። ስንገልጠው ከሥሩ የተፈገፈገ ቅርፊት ወጣ። ይኸ ዕቃ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ይዞ የወደቀ ነው፤ ፎም ደግሞ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ተመልሶ አይነሣም። ልጁ ዝም ብሎ ጣቱን በስንጥቁ ላይ ሄድ መለስ አደረገ። «ታዲያ ይኸን ሁሉ ጊዜ ምን ለብሼ ነበር?» አለ። መልስ አልነበረኝም፤ ሻይ ቀዳሁለት።

የሄልሜት ነገር በዚህች አገር የራሱ ታሪክ አለው። «የዐረቢያው ሎውረንስ» የሚባለውን እንግሊዛዊ በፊልም ያላየ የለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 በሞተር ብስክሌቱ ወድቆ ራሱን ተመታ፤ ሄልሜት አላደረገም ነበር፤ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጐል ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሂው ኬርንስ ነበር። ይህ ሞት ከሐኪሙ ልብ አልወጣም። ስለ ሞተረኞች የራስ ጉዳት አጥንቶ ውጤቱን በ1941 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክት አመላላሽ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሕዝቡ ሁሉ ግዴታ የሆነው ግን በ1973 ነው፤ በ1976 ደግሞ ጥምጥም የሚያደርጉ ሲኮች በሕግ ነፃ ተደረጉ። ልብ ይበሉ፣ ከሕዝቡ ሁሉ ቀድሞ ሄልሜት የታዘዘላቸው እነዚያ ሰዎች እንደኛ አመላላሾች ነበሩ።

ወደ ልጁ ልመለስ። አዲስ መግዛት ነበረበት። የወሩን ገንዘብ ግን ለእናቱ ልኮ ጨርሷል፤ የዕቁቡ ተራ የሚደርሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ላበድርህ ብለው አሻፈረኝ አለ፤ ከእኔ ይልቅ የዕቁቡ ዳኛ ያምነኛል ብሎ ቀለደ። ሥራ ቢያቆም ደግሞ የክፍሉን ኪራይ ማን ይከፍላል? በመጨረሻ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥተን ራሳችንን ለካን፤ ከቅንድብ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ዙሪያውን። የኔም የሱም 58 ሴንቲሜትር ሆነ። እኔ የምሠራው ቀን ነው፣ እሱ ማታ ነው። አንዱን ሄልሜት ለሁለት ተካፈልነው።

የሰው ላብ የነካውን ማድረግ እንደሚከብድ አያጡትም፤ ለዚህም መላ አለ። የብዙ ሄልሜቶች የውስጥ ጨርቅና የጉንጭ ስፖንጅ ለብቻው ይሸጣል፤ ዋጋውም ከሄልሜቱ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛ ጨርቅ ገዛንና ማታ አሥራ አንዱ ሰዓት ተኩል ላይ የኔን አውልቄ ቅርፊቱን በርጥብ ጨርቅ ጠርጌ አስረክበዋለሁ፤ እሱ የራሱን ይገጥማል፤ ጠዋት ደግሞ በተራው ባዶውን በሬ ላይ ያኖርልኛል። በአምስት ሳምንት ውስጥ ልጁ ያንን ቁልፍ መግጠሙን ከእኔ ይልቅ ተካነበት። ሚስቴ «እናንተስ ሄልሜት ሳይሆን ልጅ ነው የምትረካከቡት» ትለን ነበር።

ዕቁቡ ሲደርሰው ለመግዛት አብረን ሄድን። እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ነገር ልንገርዎ። የእንግሊዝ መንግሥት ከ2007 ጀምሮ ሄልሜቶችን እየፈተነ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ መዝገቡ ሻርፕ ይባላል፤ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። ውድ የሆነ ሁሉ አምስት ኮከብ የለውም፤ በርካሽ ዋጋ አምስት ያገኙም አሉ። ስለዚህ በሥዕሉና በስሙ አይታለሉ። ማሰሪያው ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር መኖሩንም ይመልከቱ። ያገለገለ ሄልሜት ግን፣ የሸጠልዎት ሰው የሥጋ ዘመድዎ ካልሆነ በቀር፣ በነፃም አይቀበሉ፤ ምን እንዳየ ከውጭ አይነበብም። አምራቾቹም ቢሆኑ ባይወድቅ እንኳ በአምስት ዓመት ገደማ ይለወጥ ይላሉ።

የድሮውን ዕቃ ልጁ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ሊያስቀምጠው ሲል ከለከልሁት። ከዚያ አንሥቶ የሚያጠልቀው ሌላ ምስኪን አይጠፋም። የአገጭ ማሰሪያውን በመቀስ በሁለት ቦታ ቈረጥነው፤ ጨርቁንም አውጥተን ለብቻው ጣልነው።

ከኔ ጋር ሲካፈልበት የነበረው ሁለተኛው ጨርቅ እስካሁን ታጥቦ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ቅርፊቱም የኔው አሮጌ ባለመሆኑ ደህና ነው። ራሱ 58 የሆነ፣ ማታ የሚሠራና ዕቁቡ ገና ያልደረሰው ልጅ ካወቁ፣ በሬን እንዲያንኳኳ ይንገሩልኝ።